ፊት ወደ ግድግዳ፣ ጀርባ ወደ ሰፈር

ድሬዳዋ ላይ ምስጢር ይዤ እኖራለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ሙቀቱን ይቻል። ሙቀቱ ሰውን ከነአልጋው ግቢ ያወጣዋል፤ የእሱን ግቢ ከጎረቤቱ ግቢ የሚለየው ደግሞ አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ነው። ባልና ሚስት ወዲህ ሲነታረኩ ወዲያ የተኛው ሰው ፍርድ ይሰጣል። «አቦ፣ እሷ ናት ልክ፤ በቃ ተኛ» ብሎ በቆርቆሮው ላይ የተጣራ ጎረቤት ነበር፤ ባልየውም እሺ ብሎ ተኝቷል። ማን ምን እንደበላ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ ማንን እንደወደደ፣ ሁሉም ይታወቃል።

አንድ ነገር ብቻ አይወራም ነበር። በእድር ምርጫ ቀን ማን ከማን ጀርባ እንደቆመ። የሰፈሩ ብቸኛ ምስጢር ይህቺ ነበረች፤ እሷንም ሰዉ ሁሉ ተባብሮ ነው የሚጠብቃት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለው በዚያ ሰፈር የባቡር ሠራተኛው፣ ኮተኒ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ወተት ሻጯ፣ ባለሱቁ፣ ክርስቲያኑና እስላሙ ተደባልቆ ነበር የሚኖረው። መቃብሩ ይለያይ እንጂ ድንኳኑ አንድ፣ እድሩም አንድ ነው። የእድሩ ዳኛ የሚመረጥ ቀን እጩዎቹ በሰፈሩ ሽማግሌ በሐጂ ዓብዱልአዚዝ መጋዘን ረጅም የድንጋይ ግድግዳ ሥር ይቆማሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸውን ወደ ሰዉ አድርገው። ሰዉ ከፈለገው ሰው ጀርባ ይሰለፋል፤ ይቆጠራል። ከዚያ ሐጂ ያጨበጭቡና «ተደባለቁ» ይላሉ። እጩዎቹ የሚዞሩት ሰልፉ ፈርሶ፣ ሰዉ ተቀላቅሎ ካበቃ በኋላ ነው። የተሸነፈው ማን እንደተወው አያይም፤ ያሸነፈውም ማንን እንደሚበቀል አያውቅም። ነገም አብረው የሚኖሩ ሰዎች ያወጡት ዘዴ ነው እንጂ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም።

ተሻለች ላይ ጉድ ያፈላባት ይኸው ግድግዳ ነው።

ተሻለች ኮተኒ ፈትል ክፍል ትሠራለች። ባሏ ኃይለጊዮርጊስ የባቡር ኮንትሮለር ነበር፤ ከድሬዳዋ አዋሽ፣ ከድሬዳዋ ደወሌ እየተመላለሰ ትኬት የሚበሳ። እንደ ኃይለጊዮርጊስ የተወደደ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። በሶማሊኛ ይቀልዳል፣ በኦሮምኛ ያስታርቃል፣ በፈረንሳይኛ ይሳደባል። ሠርግ ቤት እሱ ካልደረሰ ዘፈኑ አይደምቅም፤ ለቅሶ ቤት እሱ ካልመጣ ሐዘንተኛው እህል አይቀምስም። በርጫ ላይ ሲቀመጥማ ጫቱ ራሱ ይጣፍጣል ይሉ ነበር። ተሻለች ይህን ሰው ትወደው ነበር፤ እንዲያው በደፈናው አይደለም፣ ከልቧ። ግን አንድ ነገሩ ያንገበግባት ነበር፦ ሰው ማስቀየም አይችልም። እምቢ የሚባል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ከሰው አፍ እሺ የሚል ቃል ከሰማ ደግሞ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል።

የውሃው ነገር ታዲያ በዚህ እሺ ነው የተንከባለለው። ቦኖው፣ ውሃው የሚቀዳበት፣ ያለው ከደቻቱ ወዲያ በከተማው በኩል ነው። ሴቶች በበጋው የደረቀውን የወንዝ አሸዋ አቋርጠው ይቀዳሉ። ክረምት ሲሆን ግን ደቻቱ ያመነውን ይከዳል። ድሬዳዋ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች፣ ወደ ሐረር በኩል ተራራው ላይ የዘነበው ሳይታሰብ ግንድና ድንጋይ እያላጋ ይደርሳል። በ1967 ክረምት ተሻለች ከልጇ ከየኔነሽ ጋር ውሃ ቀድተው ሲመለሱ አሸዋው መሐል ደረሰባቸው። ጄሪካኑን ጥላ ልጅቷን በፀጉሯ ጎትታ አወጣቻት። ልጅቷ «ፀጉሬን፣ ፀጉሬን» እያለች አለቀሰች፤ ተሻለችም ዳር ወጥታ ተቀምጣ ከእሷ ብሳ አለቀሰች።

ኃይለጊዮርጊስ ይህን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ። በማግሥቱ ልብሱን ቀይሮ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ሹሙ ወዳጁ ነው፤ ሻይ ጋበዘው፣ ስለ ድሮው ተጫወቱ፣ ቦኖ በእኛም በኩል ይተከል ብሎም አነሣለት። «እሺ ብሎኛል» ብሎ እየሣቀ ተመለሰ። ከወር በኋላም ሄዶ «እሺ ብሎኛል»። ከዚያም ሌላ እሺ። ተሻለች አንድ ቀን «ይኼ እሺ በጄሪካን ይቀዳል?» ብላ ጠየቀችው። ሣቀ። እሷ ግን አልሣቀችም።

አሁን ዛምዛም ዲሪር ትምጣ። ዛምዛም ማለዳ የግመል ወተት ይዛ በየበሩ የምትዞር፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ለብቻዋ ነው ያሳደገችው። ወተቷ ላይ ውሃ ጠብ አታደርግም፤ ቃሏም ላይ እንደዚያው። ከተሻለች ጋር የተጣሉት ቦኖው ላይ ነው። ተሻለች ፈረቃዋ እንዳያልፋት ቸኩላ ከሰልፉ ቀደም ብትል ዛምዛም ጄሪካኗን አንሥታ ወደ ኋላ አስቀመጠችውና «ናያ አንቺ፣ ባልሽ ኮንትሮለር የሆነው ባቡር ላይ ነው፤ ቦኖ ላይ አይደለም» አለቻት። ሰልፉ ሁሉ በሣቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ሰላም አይባባሉም፤ የተሻለች ቤት ወተት ከሌላ ሴት ይገዛ ጀመር።

በ1968 የቀበሌ አዋጅ መጣ። ከተማው በቀበሌ ይከፈላል፣ ሕዝቡ መሪውን ራሱ ይመርጣል ተባለ። አስመራጭ ሆኖ የተላከው ማዘንጊያ የሚባል ከደጋ የመጣ ወጣት ነበር፤ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አሥሮ፣ በዚያ ሙቀት። ልጁ ክፋት የለበትም። ምን ያድርግ፣ አገሩን አያውቅም፤ ምርጫውን ከቀትር በኋላ ለስምንት ሰዓት ጠራው።

በስምንት ሰዓት ድሬዳዋ ላይ ማን ይገኛል? በርጫ ነው። ሰዉ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ፣ ጫቱን ፊቱ አድርጎ፣ ወሬውን እያሞቀ ነው። ማዘንጊያ ከሐጂ መጋዘን ጥላ ሥር ቆሞ ላቡን እየጠረገ ይጠብቃል። የመጡት ሐጂ፣ ጥቂት አሮጊቶችና ጥላ ፍለጋ የገቡ ፍየሎች ናቸው። ተሻለች ከፈረቃ ስትመለስ አይታ ደነገጠች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ባሏ ከነጓደኞቹ እንደተቀመጠ ነው።

«ምርጫ አይደለም እንዴ ዛሬ?» አለችው።

«ሌላው ሰው ሄዷል፤ ይበቃቸዋል» አላት ኃይለጊዮርጊስ።

በጎረቤቱም ቤት «ሌላው ሰው ሄዷል» ነው የሚባለው። በሰፈሩ ሁሉ ሌላው ሰው ሄዷል እየተባለ ማንም አልሄደም። ማዘንጊያም ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ብሎ፣ ካልመጣችሁ ከበላይ የሚሾምላችሁን ትቀበላላችሁ ብሎ፣ ቀጠሮውን ለእሑድ ጠዋት ለወጠ።

ዛምዛም ወተት ልታመጣ ከሄደችበት ስትመለስ ይህን ከሐጂ ሰምታ የሆነችውን ሰፈሩ አይረሳም። በርጫው ሳይበተን ቤት ለቤት ዞረች። አንኳኩታ አይደለም፣ መጋረጃውን ገልጣ ነው የገባችው። ኃይለጊዮርጊስም ቤት ገባች፤ ተሻለችን እንዳላየች አልፋ ከወንዶቹ ፊት ቆመች።

«ውሃ ጠፋ ስትሉ ጩኸታችሁ ሐረር ይሰማል። ዛሬ ኑና ሰው ምረጡ ስትባሉ ትራስ ላይ ጋደም። ወላሂ፣ የሚሾምላችሁ ሰው ይህቺን ትራስ ከሥራችሁ ሲመዝዛት አያችኋለሁ። እሑድ ጠዋት ያልመጣ ሰው ወተቴን አይቀምስም።»

ይህን ብላ ወጣች። ወንዶቹ ወደ ጫታቸው ጎንበስ አሉ። ተሻለች ግን መጋረጃው እስኪረጋ ድረስ በሩን ስታይ ቆየች። ያቺን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠላት አየቻት፤ ይህም እሷን ራሷን አናደዳት።

በሳምንቱ ውስጥ ሰፈሩ ኃይለጊዮርጊስን ለሊቀመንበርነት አጨ። ማን ይቃወማል? ዛምዛም ግን ሐጂ ዘንድ ሄዳ «እኔም አለሁ» አለች። ኃይለጊዮርጊስ ሲሰማ በጣም ሣቀ፤ ሣቁ የንቀት አልነበረም። «ዛምዛም ከተመረጠች ማዘጋጃ ቤቱ ከተማውን ለቆ ይሄዳል» አለ። ተሻለች ያንን ሣቅ ስትሰማ አንድ ሐሳብ መጣባት። ልክ ነው፣ ዛምዛም ሹሙን ታሸብረዋለች፤ ባሏ ደግሞ ሻይ ይጠጣለታል።

ቀድሞ ይህ ሐሳብ ሐሳብ ሆኖ በቀረ ነበር። በእድሩ የሚሰለፈው አባወራው ነው፤ ሴት ብትሰለፍ ባል የሌላት ብቻ። አዲሱ አዋጅ ግን ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ ይመርጣል አለ። ማዘንጊያ ይህንን ሲያስረዳ «ሚስት ለብቻዋ፣ ባል ለብቻው ድምፅ አለው» ብሎ ነበር፤ ወንዶቹ ቀለዱ፣ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሣቁ። ተሻለች ግን እንቅልፍ አጣች። ከባሏ ጀርባ ብትቆም መጪውም ክረምት እሺ እየጠጡ ሊያልፍ ነው፤ የኔነሽም ያንን አሸዋ ልታቋርጥ ነው። ከባሏ ጀርባ ባትቆም ሰፈሩ ሁሉ ያያል፤ የገዛ ሚስቱ ከዳችው ይባላል። አይወራም እንጂ መታየቱ አይቀርም። እሱ ቢያውቅስ? ያ የሚሥቅ ፊቱ አንድ ቀን ቤቱ ሲገባ ባይሥቅስ?

እሑድ ጠዋት ሸሚዙን ተኮሰችለት። ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም «አንቺስ ከኋላዬ ነሽ፤ የምጨነቀው ለሌላው ነው» አላት እየቀለደ።

«ኮሌታህን አስተካክል» አለችው።

ሰዉ እንዲያ ይጎርፋል ብሎ ማን አስቦ? ከፈረቃ የወጡ የኮተኒ ሴቶች ፀጉራቸው ላይ ጥጥ እንደተጣበቀ መጡ። የባቡር ሠራተኞች ከነሰማያዊ ቱታቸው መጡ። ከጀልዴሳ በኩል ለገበያ የገቡ ሰዎች ግመላቸውን ይዘው ዳር ቆመው ይመለከታሉ። ሐጂ ሁለቱን እጩዎች ወደ ግድግዳው ሲያዞሩ ማዘንጊያ ደነገጠና ጣልቃ ገባ።

«መመሪያው ላይ እጩ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል የሚል የለም።»

«አይዞርም የሚልስ አለ?» አሉት ሐጂ።

«እሱም የለም።»

«እንግዲያው ይዙሩ። ልጄ፣ አንተ ነገ በባቡር ትሄዳለህ። እኛ እዚሁ ነን።»

ማዘንጊያ ከረባቱን ላላ አደረገና ጥላ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ልጁ ክፉ አልነበረም አላልኳችሁም?

ሰልፉ ተጀመረ። ወንዶቹ ከሞላ ጎደል ወደ ኃይለጊዮርጊስ ጎረፉ። የወተት ደንበኞቿ፣ ባል የሌላቸው ሴቶች፣ የዛምዛም ዘመዶች ወደ ዛምዛም ሄዱ። ባለትዳሮቹ ሴቶች ግን መሐል ላይ ተከማችተው ቀሩ። ባሎቻቸው ወዳሉበት ለመሄድ ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ፣ ይቆማሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጨረሻ ዓይኖቻቸው ሁሉ ተሻለች ላይ አረፉ። የእጩው ሚስት ምን ታደርጋለች?

ተሻለች ወደ ባሏ ጀርባ ሄደች። ያስተካከለችው ኮሌታ ላይ ላብ ጠብ ብሎ አየች። አንገቱን አየች፤ ከጆሮው ሥር ያለችውን፣ ጣቷን የምታሳርፍባትን ትንሽ ጠባሳ አየች። አንድ እርምጃ ብትጨምር ሰልፉ ውስጥ ናት። ግን አልጨመረችም። የታያት አሸዋው ነው፤ የታያት የልጇ ፀጉር እጇ ውስጥ ተጠምጥሞ ነው። እንባዋ መጣ። እንባዋን ሳትጠርግ ዞረችና በባሏ ሰልፍ አጠገብ፣ ሰዉ ሁሉ እያያት፣ አልፋ ከዛምዛም ጀርባ ቆመች።

ከዚያ የሆነውን እሷም አላሰበችውም። መሐል የቆሙት ሴቶች አንድ በአንድ ተከተሏት። ከኃይለጊዮርጊስ ሰልፍ ውስጥ የነበሩ ጥቂት ሴቶችም ተነጥለው መጡ። ወንዶቹ ወዲህ ወዲያ አዩ፤ አንድ ሁለቱም ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰልፍ ቀየሩ። የሚሰማው ኮቴ ብቻ ነበር።

ሐጂ ቆጠሩ፤ ማዘንጊያም ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ «ተደባለቁ» ተባለ፤ ሰዉም ተደባለቀ። ተሻለች ገፍታ ገፍታ ከባሏ ወገን ከነበሩት መሐል ገባች። እጩዎቹ ሲዞሩ ዛምዛም በጥቂት ሰዎች ማሸነፏ ተነገረ። ኃይለጊዮርጊስ ፊቱ ለአንድ አፍታ ባዶ ሆነ፤ ወዲያው ግን ሄዶ የዛምዛምን እጅ ጨበጠና በሶማሊኛ አንድ ነገር ሲላት ያ ሁሉ ሰው ሣቀ። ዛምዛም ራሷ ሣቀች። ተሻለች ግን ሣቁን ታውቀዋለች፤ ያ ሣቅ የቤቱ ሣቅ አልነበረም።

የዚያን ማታ እራት አልበላም። «ሙቀቱ ነው» አለ። ተሻለች ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች፤ አልጠየቃትም። እሷም መናገር አልቻለችም። አፏን ልትከፍት ስትል ከቆርቆሮው ወዲያ የተኛው ጎረቤት ሲገላበጥ ይሰማታል፤ የሰፈሩን ምስጢር ሚስት ሆና ልታፈርሰው ነው? ዋጥ አደረገችው። በማግሥቱም ዋጥ አደረገችው። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ለመናገሪያው ጊዜው አለፈበት።

ኃይለጊዮርጊስ ግን እንደፈራችው አልሆነም። በሳምንቱ ዛምዛም ቤት ሄዶ «ምን ልሥራ?» አለ። ዛምዛም ሴቶቹን ሰብስባ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር የሰነበተችው፤ ሹሙ ሲገባ ሰላም ትለዋለች፣ ሲወጣ ሰላም ትለዋለች፣ ሌላ ምንም አትለውም። ሰውየው ሰላምታው አስመረረውና ቧንቧውን ፈቀደ። «ቦዩን ግን እናንተ ቆፍሩ» አለ። መቆፈሩን ማን ያስተባብር? ኃይለጊዮርጊስ ነዋ። ሰውን ማሣቅና ሰውን መሰብሰብ ለእሱ አንድ ነገር ነው።

ያ በጋ! ሰፈሩ ውስጥ የዚያን በጋ ነገር ያነሣ ሰው ዛሬም ድምፁ ይለወጣል። ስምንት ሰዓት ላይ፣ በበርጫው ሰዓት፣ ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘው ቦይ ውስጥ ነበሩ። ጫቱን ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ይቆፍራሉ። ሐጂ ሎሚ በስኳር በጥብጠው በባልዲ ያወጣሉ። የኮተኒ ሴቶች ከፈረቃ ሲወጡ ቤታቸው ሳይገቡ ቀጥታ ወደ ቦዩ ይሄዳሉ። በየሳምንቱ ዓርብ የቀበሌው ስብሰባ አለ፤ ግድግዳው ሥር ነው። ጭቅጭቁስ! ቧንቧው በማን በር በኩል ይለፍ፣ ቦኖው ስንት ሰዓት ይከፈት፣ ቁልፉን ማን ይያዝ። አንዱ በኦሮምኛ ይጀምራል፣ ሌላው በሶማሊኛ ይመልሳል፣ በአማርኛ ይጣላሉ፣ በአማርኛ ይታረቃሉ። ተሻለች መጀመሪያ እጇን አውጥታ የተናገረች ጊዜ ሁለት ቃል ብላ ተቀመጠች፤ ሦስተኛውን ጊዜ ስትናገር ግን «አንቺ ሴትዮ፣ ይብቃሽ እንጂ፣ ለእኛም ተዪልን» ተባለች። ያን ቀን እንደ ሠርጓ ቀን ደስ ብሏት ገባች።

ውሃው ክረምቱ ሳይገባ መጣ። ዛምዛም ቧንቧውን ከፍታ ሰዉ ሲያጨበጭብ፣ ተሻለች ጄሪካኗን ይዛ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ዛምዛም አየቻትና «ዛሬ ደግሞ ኋላ ቆምሽ?» አለቻት። ሁለቱም ሣቁ። በማግሥቱ የዛምዛም ወተት የተሻለች ቤት ገባ።

እንዲያ ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት? አልቀረም። ዘመኑ ከረረ። ጦርነቱ መጣ፤ በየግድግዳው መፈክር ተለጠፈ፤ ቀበሌው በር ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው ቆመ። አንድ ቀን ስብሰባ ተጠራና የአዲስ አመራር ስም ተነበበ። ማን መረጣቸው ብሎ የጠየቀ የለም። «አጨብጭቡ» ተባለ፤ ተጨበጨበ። ዛምዛምም ከሰዉ መሐል ቆማ አጨበጨበች፤ ተሻለች እጆቿን አየቻቸው፤ ድምፅ አልነበራቸውም። ከጊዜ በኋላ ዛምዛም ወንድሟ ወዳለበት ወደ ጅቡቲ ሄደች። ባቡሩ ላይ ትኬቷን የበሳው ኃይለጊዮርጊስ ነበር። በመስኮቱ በኩል አስቀምጧት፣ እስከ ደወሌ እያሣቃት ሄዶ፣ ሲመለስ ቤቱ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

ዓመታት አለፉ። በሰባዎቹ አጋማሽ አንድ እሑድ ደግሞ የቀበሌ ምርጫ ተብሎ ተጠራ። አሁን የሚሰበሰበው ግድግዳው ሥር አይደለም፤ አዳራሽ ተሠርቷል። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ስለዚህ የቀረ የለም። በርጫ ላይ የቀረ የለም፣ ፈረቃ ነበረኝ ያለ የለም፣ በሽተኞች ሳይቀሩ ተደግፈው መጥተዋል። መድረኩ ላይ የተቀመጡት እጩዎች ፊታቸውን ወደ ሰዉ አድርገው እያንዳንዱን ሰው ያያሉ።

«የምትደግፉ» ተባለ። እጅ ሁሉ ተነሣ። ኃይለጊዮርጊስ ከወንዶቹ በኩል፣ ተሻለች ከሴቶቹ በኩል እጃቸውን አነሡ።

«የምትቃወሙ» ተባለ። አንድም እጅ አልተነሣም።

«በሙሉ ድምፅ» ተባለና ተጨበጨበ።

ባልና ሚስት አብረው ወጡ። እሑድ ዘመድ ሊጠይቁ ወደ ከተማው መሻገር ነበረባቸው፤ በደረቁ ደቻቱ ላይ ጎን ለጎን ሄዱ። ኃይለጊዮርጊስ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ቀልዱም ቀንሷል። አሸዋው መሐል ሲደርሱ ዞር ብሎ አያትና «ማንን መረጥሽ?» አላት።

«የሰጡኝን።»

ጥቂት ሄዱ።

«ያኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ከኋላዬ ኮቴ ሲሄድ ሰምቻለሁ» አለ ኃይለጊዮርጊስ። «የማን እንደሆነ አላወቅሁም። አንቺም እንዳለሽበት ያወቅሁት ማታ ቤት ገብቼ ነው።»

ተሻለች ቆመች። ፊቷን የት እንደምታደርገው ጠፋት። «ማን ነገረህ?»

«ማንም። ከኋላዬ ቆመሽ ቢሆን ኖሮ እራቱ ሳይቀርብ መቶ ጊዜ ትነግሪኝ ነበር። አንቺ ግን ዝም አልሽ።»

«ታዲያ አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

«አይወራማ።»

ልትሥቅ ፈለገች፤ አልሆነላትም። «ተቀይመኸኝ ነበር?» አለችው።

«እንዴታ! እንዴት አልቀየምም? እራቴን የተውኩት በሙቀት መሰለሽ? ሳምንት ሙሉ ስትዞሪ ጀርባሽን በክፉ ዓይን አየው ነበር። በኋላ ቦዩን ስንቆፍር፣ እጅሽን አውጥተሽ ከሐጂ ጋር ስትከራከሪ ሳይሽ፣ ይቺን ሴት ነው ለካ ያገባሁት አልኩ።»

ወደ አዳራሹ በኩል ዞሮ አየ። ከዚያ ጭብጨባ ገና ይሰማል።

«ዛሬ እጄን አንሥቼ ዞር ስል አንቺም አንሥተሻል» አላት። «አንድ ላይ በማንሣታችን ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሆዴ ባባ። ምነው ተሻለች፣ አንዴ እንኳ ደግመሽ በጣልሽኝ።»